ውሃው ማታ ይመጣል፣ ሌሊት ይሄዳል፤ ጫጩቶቹ ግን ይቀራሉ

መድረክ፦ ጅማና አካባቢው › ወንዝና ዓሣ

የአዌቱልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጀመዓው እንዴት ናችሁ? ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ያዙ።

ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር መንጠቆ ይዘን ወጣን። ቦታው ከአንድ ግድብ በታች ነው። የቱ ግድብ እንደሆነ አልጽፍም፤ ከማንም ጋር ጠብ አልፈልግም። ዓርብ ማታ መንደር ገብተን ስናድር ወንዙን አይቼው ነበር። ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ድንጋዩን ሁሉ ውጦ ነው የሚወርደው። ገና ሳይነጋ ተነስተን ስንወርድ ሌላ ወንዝ ጠበቀን። ውሃው መሃል ላይ ሰብሰብ ብሏል። ከውሃው እስከ ሣሩ ሃያ እርምጃ የሚሆን እርጥብ ጠጠር ተገልጧል። ማታ ውሃው የደረሰበት ልክ ድንጋዩ ላይ ይታያል፤ ከጉልበቴ በላይ ነው፣ ገና አልደረቀም።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ሽመላ ነው። ሁለት ሽመላዎች ጠጠሩ ላይ እየተንጎራደዱ ይለቅማሉ፤ ልክ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም። ምን አግኝተው ነው ብለን ቀረብ ስንል በድንጋዮቹ መሃል ትንንሽ ኩሬዎች ቀርተዋል። አንዷ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ታክላለች። ውስጧ ጥፍር የሚያካክሉ የዓሣ ጫጩቶች ይተራመሳሉ። መቁጠር ጀምሬ አርባ ላይ ተውኩት። ከጎኗ ያለችው ኩሬ ግን ውሃዋ ጠጠሩ ውስጥ ሰርጎ አልቋል። ጫጩቶቹ አረንጓዴው አልጌ ላይ ተለጥፈው ቀርተዋል። አንዱን በጣቴ ሳነሳው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ከዚያ አቆመ።

ሃይላንድ በቢላ ቆርጠን ግማሽ ሰዓት ያህል ስናመላልስ ቆየን። ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ ሳቀብን። “ምን ያለፋችኋል? ዒሻ ተሰግዶ ሰው ሲገባ ይመጣል፣ ፈጅር ሳይደርስ ይሄዳል። ነገም እንዲሁ ነው” አለን። እነሱ ከፍ ከፍ ያሉትን ቁርጡሚ፣ ዓሣውን ማለቴ ነው፣ በእጃቸው እየለቀሙ ይጠብሳሉ። መንጠቆ አያስፈልጋቸውም።

ጥያቄዬ ይኸው። አንደኛ፣ ውሃው ለምን እንዲህ ይሆናል? ሁለተኛ፣ ይህን ያህል ጫጩት በየቀኑ ካለቀ ወንዙ ውስጥ ዓሣ እንዴት ይኖራል? ሦስተኛ፣ መብራትም ዓሣም የሚገኝበት መላ የለም ወይ?

ቡናጠጪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡31

እሱን ተወውና ስንት ዓሣ ይዛችሁ ተመለሳችሁ?

የአዌቱልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡34

ሁለት ነጭ ዓሣ። እዚያው ጠብሰን በላን። አዎ፣ በሃይላንድ የማድነውም በመጥበሻ የምጨርሰውም እኔው ነኝ፤ ሳትለኝ ብዬ ነው።

ተርባይን
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

አንደኛዋን ጥያቄ ለኔ ተዉልኝ። ዕድሜዬን ኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው የጨረስኩት፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

የአዌቱ ልጅ፣ ያየኸውን ውሃ የላከው ምጣድ ነው። ቀልድ አይደለም። መብራት በብዛት አይጠራቀምም፤ በተፈለገበት ደቂቃ መመረት አለበት። ሰው ከሥራ ይገባል፣ አምፖል ያበራል፣ ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ ምጣዱን ይሰካል። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ፍላጎቱ ጣራ ይነካል። መቆጣጠሪያ ማዕከሉ “ጨምሩ” ይላል። ተረኛው የተርባይኑን በር ይከፍታል፣ ውሃው ይለቀቃል። ሌሊት ሰው ሲተኛ “ቀንሱ” ይባላል፣ በሩ ይጠባል። ወንዙ ያንን እየተከተለ ይሞላል፣ ይጎድላል። አንተ ያለህበት ቦታ ከማመንጫው ራቅ ካለ ማዕበሉ እስኪደርስ ሰዓት ይወስዳል። የልጁ የዒሻና የፈጅር አቆጣጠር ከዚያ የመጣ ነው።

ሒሳቡን ላሳይህ። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ተኩል ዋት ገደማ ይስባል። ግልገል ጊቤ ሁለት ላይ ውሃው 500 ሜትር ገደማ ነው ቁልቁል የሚወርደው። በዚያ ከፍታ አንድ ኪሎ ዋት ለማግኘት በሰከንድ ሩብ ሊትር የማይሞላ ውሃ ይበቃል። ምጣዱ ታዲያ በሰከንድ 0.8 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከሳበ 3 ሺህ ሊትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። 15 በርሜል! በመስመር ላይ የሚባክነውን ሳልቆጥር። 100 ሺህ ምጣድ አንድ ላይ ቢሰካ በሰከንድ 80 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ከፍታው ያነሰ ግድብ ደግሞ ለዚያው ምጣድ ብዙ እጥፍ ውሃ ይፈልጋል።

እና ዓሣህን ያደረቀው እንጀራህ ነው ብልህ አትቀየም።

እሙሐያት
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡12

ጋሼ ተርባይን፣ ሁለት ቀን የሚሆን ሊጥ አቡክቼ ነበር። አሁን ምን ልሁን? 😂

ተርባይን
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡15

ጋግሪ ልጄ፣ ጋግሪ። ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ቦዬዳር
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡48

ሰላም ለሁላችሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ሁለተኛዋ ጥያቄ ወደኔ ታደላለች።

ጫጩት መሃል ወንዝ አይኖርም። መሃሉ ይፈጥናል፣ ትልልቁ ዓሣም እዚያ ነው፤ ይበላዋል። ጫጩቱ የሚውለው ዳር ዳሩን ነው፤ ውሃው ጉንጭ በማይሞላበት፣ ሞቅ ባለበት፣ ለስላሳ ጠጠር ላይ። ውሃው ሲጨምር ዳሩ ወደ ሣሩ ይሸሻል፣ ጫጩቱም ዳሩን ተከትሎ ይወጣል። ጉዳቱ የሚመጣው ሲሞላ አይደለም። ሲጎድል ነው። በተፈጥሮው ጎርፍ ሲጎድል ቀን ይፈጃል፤ ዓሣው ቀስ እያለ ይከተለዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የጉልበት ያህል ከወረደ ግን ጫጩቱ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ልማዱ ሲደነግጥ ድንጋይ ሥር መደበቅ ነው። ይደበቃል። ውሃው ጥሎት ይሄዳል።

ሁሉም ዓሣ እኩል አይጎዳም። ቆሮሶን እዩት። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ቦታ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቷ እዚያ ትጥልና እንቁላሉን ወዲያው በአፏ ትይዘዋለች፤ እስኪፈለፈልም በአፏ ነው ይዛው የምትዞረው። ውሃው ቢጎድል ጎጆው ይቀራል እንጂ እሷ ልጆቿን በአፏ ይዛ ትሄዳለች። ነጭ ዓሣ፣ ማለትም ቢልጫ፣ እንዲህ ያለ ብልሃት የለውም። በክረምት ሽቅብ ወደ ጠጠራማ ቦታ ይወጣል፣ እንቁላሉን ጠጠሩ መሃል በትኖ ይመለሳል። ያ ጠጠር አንድ ሌሊት ጦሙን ካደረና ፀሐይ ካገኘው አለቀ። አምባዛ ደግሞ አዲስ ውሃ የሸፈነው ሣር ላይ ይጥላል፤ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይጣበቃል። እሱ ራሱ አየር መተንፈስ ስለሚችል ጭቃ ውስጥ ሰንብቶ ይተርፋል። እንቁላሉ ግን አይተርፍም።

ስለዚህ ውሃው በየቀኑ በሚወጣና በሚወርድበት ወንዝ ጠጠር ላይ የሚጥለው እየሳሳ፣ በአፉ የሚይዘው እየተሻለው ቢሄድ አልገረምም። የአዌቱ ልጅ፣ አንተ ያነሳኸው ጫጩት ምን ዓይነት ነበር?

የአዌቱልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡55

መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎትና አላወቅኩም። ቀጠን ያለ፣ ብርማ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ነገር ያለበት። ፎቶ አንስቼ ነበር፤ ተንቀጥቅጧል።

ቡናጠጪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡02

ይቅርታ፣ ግን አልገባኝም። ወንዝ ድሮም ይሞላል፣ ይጎድላል። ክረምት ላይ ጊቤ ድልድይ ሲነካ ማንም “ዓሣው!” ብሎ አላለቀሰም። አሁን ግድብ ሲሆን ነው?

መንጠቆ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡20

ቡናጠጪ ልጄ፣ እኔ ከግድቡ በፊት ነው ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩት። ልዩነቱን ልንገርህ።

ድሮ ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ይነግርህ ነበር። መጀመሪያ ቀለሙ ይደፈርሳል። ከዚያ ገለባና ቅጠል ይዞ ይመጣል። ከዚያ አፈር አፈር ይሸታል። ይህን ስታይ ዕቃህን ሰብስበህ ዳገት ትወጣለህ፤ ዓሣውም ያውቃል። በዓመት አንዴ ይሞላል፣ መስከረም ጥቅምት ላይ ቀስ ብሎ ይጎድላል። የአሁኑ ውሃ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚመጣብህ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ጥር ወር ነው፣ ጠብታ ዝናብ የለም፤ ድንገት የቆምክበት ድንጋይ ደሴት ይሆናል። አንዴ እኔ ራሴ መሃል ቀርቼ ሱሪዬን ጭንቅላቴ ላይ አስሬ ነው የወጣሁት። ሰባት ልጅ ያሳደግሁ ሰውዬ!

በዓመት አንድ ክረምት ማለት ሌላ ነው። በየቀኑ ክረምትና በጋ ሲሆን ግን ምን ትለዋለህ?

ቡናጠጪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡26

አባቴ፣ ተረትቻለሁ። የሱሪዋን ታሪክ ግን ይድገሙልን።

ቦዬዳር
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

አባታችን የነገሩንን ሌሊት ሳስብበት አደርኩ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ስለሆነ ነው። ዓሣው ራሱ ባይደርቅ እንኳ ምግቡ ይደርቃል።

ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ገልብጣችሁ ታውቃላችሁ? ከሥሩ የተለጠፉ፣ ሦስት ጭራ ያላቸው፣ ከአሸዋ ቤት የሚሠሩ ትንንሽ ነፍሳት አሉ። ዓሣው የሚኖረው በነሱ ነው። እነዚህ ነፍሳት ሲያድጉ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። ከዚያ አመሻሽ ላይ ተመልሰው ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ውሃው ጫፍ ላይ፣ ድንጋዩ ከውሃ ጋር በሚገናኝበት መስመር ይለጥፋሉ። ውሃው ከፍ ባለበት ሰዓት ከጣሉ፣ ሌሊት ውሃው ሲወርድ እንቁላሉ ደረቅ ላይ ይቀራል። በሰዓታት ውስጥ ያልቃል።

አሜሪካ ኮሎራዶ ወንዝ ላይ ግሌን ካንየን የሚባል ትልቅ ግድብ አለ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ነው ውሃ መያዝ የጀመረው። ከሱ በታች እነዚህ ነፍሳት ከሞላ ጎደል ጠፍተው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ምክንያት ይኸው የማታና የሌሊት መውጣት መውረድ ነው። መፍትሔያቸው ቀላል ነገር ነበር፤ እኔን በጣም ደስ ብሎኛል። በ2018 እ.ኤ.አ. ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ውሃውን ዝቅ አድርገው አንድ ልክ ላይ አጸኑት። በሥራ ቀን እንደ ልማዱ ይወጣል ይወርዳል። ቅዳሜና እሑድ የተጣለ እንቁላል ዝቅተኛው መስመር ላይ ስለሚሆን ሰኞ ውሃው ቢጨምር እንጂ አይጎድልበትም። ቅዳሜና እሑድን የመረጡት የመብራት ፍላጎት ስለሚቀንስ ነው። ነፍሳቱን የሰንበት ዕረፍት ሰጧቸው ማለት ነው።

እሙሐያት
ሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡15

እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ እዚህ ክር ውስጥ አንድ ሰው መቃወም ካለበት እኔ ልሁን።

እናንተ ስለ ዓሣ ታዝናላችሁ። እኔ ስለ ወባ። ግድብ ያለበት አካባቢ ስትሠሩ ዳር ዳሩን የሚተኛው ውሃ የቢምቢ መራቢያ ነው። ሥልጠና ላይ የነገሩንን ነገር ልንገራችሁ። በ1930ዎቹና በ40ዎቹ አሜሪካ ቴነሲ ሸለቆ ውስጥ ግድብ ሲሠሩ የሐይቁን ከፍታ ሆን ብለው ከፍ ዝቅ ያደርጉት ነበር። ለምን? ዳር ላይ ያለው የወባ ትንኝ እጭ ደረቅ ላይ ቀርቶ እንዲሞት። ልክ የአዌቱ ልጅ ጫጩቶች እንደሞቱት!

እና መምህር፣ ውሃው ጸንቶ ይቁም ሲሉኝ ቢምቢም እልል ትላለች።

ቦዬዳር
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

እሙሐያት፣ እንዲህ ያለ ተቃውሞ ነው የምወደው። ሁለት ቦታ ግን እንለይ። እርስዎ የሚሉት ከግድቡ በላይ የተኛውን ሐይቅ ነው። የአዌቱ ልጅ የሚለው ከግድቡ በታች የሚፈሰውን ወንዝ። ሐይቁ ላይ በተወሰነ ጊዜ ዝቅ ማድረጉ ወባን ለመከላከል ሊያግዝ ይችላል፤ እዚያም ቢሆን የቆሮሶ ጎጆ በሚበዛበት ሰሞን ቢታሰብበት ጥሩ ነው። ወንዙ ላይ ግን ድንገተኛው መጉደል ዞሮ ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው። ጠጠሩ ላይ የሚቀሩት እነዚያ ኩሬዎች ዓሣቸው ካለቀ በኋላ ማን ይራባባቸዋል?

እሙሐያት
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡41

ኧረ መምህር! እሱ አልታየኝም። እጭ የሚበላው ዓሣ ሞቶ ኩሬው ለቢምቢ ይቀራል። ከቀረ ማለቴ ነው፤ በየሌሊቱ ካጠበው ያው ነው። ግን ልክ ነዎት፣ ሁለቱ ቦታ ይለያያል።

የጣናውሰው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ከባሕር ዳር ነኝ፣ ጅማ አማቾች አሉኝ። እኛም ጋ ተመሳሳይ ጉድ አለ፤ በመጠኑ ይለያል እንጂ።

ጣና ላይ ጨረጨራ የሚባል በር ተሠርቶ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በሰው እጅ ከገባ በኋላ ሐይቁም ወንዙም ጠባያቸው ተለወጠ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ ጀልባ ሁሉ ጭቃ ላይ ተቀምጦ አይተናል። ዝናቡም አጥሮ ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደግሞ ውሃው ወደ ማመንጫ ሲሄድ የሚቀርለት ክር ብቻ ነው። የጣና ቢልጫ ብዙ ዝርያ አለው፤ አብዛኛው ሌላ የትም የለም። ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ሽቅብ ወጥቶ ነው ጠጠር ላይ የሚጥለው። መምህሩ ያሉት ጠጠር ማለት ነው። እኛ ጋ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግተው የሚጠብቁትም አሉ፤ ግድቡን ብቻ አንክሰስ።

ከኦሞ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

አጭር ላድርገው። ታች ኦሞ ደግሞ ጭንቀቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጎርፍ መጣብን ሳይሆን ጎርፍ ቀረብን ነው የሚባለው። ጊቤ ሦስት 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፣ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያ በፊት ወንዙ በዓመት አንዴ ዳሩን ሞልቶ ሲመለስ ሰው ጭቃው ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ ዓሣውም ያንን ሰሞን ጠብቆ ነው የሚራባው። ቱርካና ሐይቅ ከሚገባለት ውሃ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ኦሞ ነው። ሰው ሠራሽ ጎርፍ መልቀቅ በእቅድ ደረጃ ተነስቶ ነበር። ዓሣ ዕለት ዕለት ጸጥታ፣ በዓመት አንዴ ግን ጎርፍ ይፈልጋል። እኛ የሰጠነው በተቃራኒው ነው።

ተርባይን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

እሺ፣ ወደ ሦስተኛዋ ጥያቄ። ትናንት እመጣለሁ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የኛን አካባቢ አቀማመጥ አስተካክለን እንያዝ፤ ሰው ግድብ ሲባል ግንብና ከሥሩ የሚፈስ ውሃ ብቻ ነው የሚመስለው። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ 184 ሜጋ ዋት ማመንጫ ነው። ሐይቁ በሰኮሩ፣ በኦሞ ናዳ፣ በቀርሳና በጢሮ አፈታ ወረዳዎች መሃል የተኛው ነው። ውሃው ከግድቡ ሥር ወዲያው አይወጣም። 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ውስጥ ሄዶ ተርባይን መትቶ ነው ታች ወንዙን የሚያገኘው። ከዚያ እፎይ ሳይል እንደገና ይጠለፋል። በ26 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ተራራ ሥር ለሥር አልፎ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ለጊቤ ሁለት 420 ሜጋ ዋት ይሰጣል። ጊቤ ሁለት በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ቀናት ሳይቆይ ዋሻው ተደርምሶ የቆመውን ታስታውሳላችሁ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ አሠራር ባለበት ሁሉ ወንዙ ሁለት ዓይነት በሽታ ይይዘዋል። ውሃው በዋሻ ዘሎት የሚሄደው ክፍል ይጠማል። ከማመንጫው መውጫ በታች ያለው ክፍል ደግሞ ይወጣል፣ ይወርዳል። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ለጠማው ክፍል ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ዝቅተኛ ፍሰት መልቀቅ ነው። ያ ውሃ ተርባይን አይመታም፣ ገንዘብ አያመጣም። ለዚህ ነው ሒሳብ ክፍል የማይወደው።

ለሚወጣው ለሚወርደው ሦስት መላ አውቃለሁ።

ቀስ ብሎ መዝጋት። ይኼ ርካሹ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በትራውት ጫጩት በተደረገ ሙከራ ውሃው በሰዓት ከ10 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ሲወርድ ደረቅ ላይ የሚቀረው ጫጩት እጅግ ቀንሷል። የኛ ቢልጫ ትራውት አይደለም፣ ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል። ሐሳቡ ግን ያው ነው። ከላይ ወደ ታች በአንድ ሰዓት ከመውረድ በአራት በአምስት ሰዓት መውረድ።

ሁለተኛው ከማመንጫው በታች ትንሽ ግድብ መሥራት። ማዕበሉ እዚያች ኩሬ ውስጥ ይገባና በእኩል ፍሰት ይወጣል። ጥሩ ነው፣ ግን ብር ነው። ስዊዘርላንዶች በ2011 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ በዋለ ሕግ ማመንጫዎቻቸው ይህን መውጣት መውረድ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እንዲያስተካክሉ አዘዋል፤ እንዲህ ያሉ ማጠራቀሚያዎች ከመፍትሔዎቹ አንዱ ናቸው።

ሦስተኛውን ማንም አያነሳም፤ እኔን ግን ሁሌ ያሳስበኛል። መብራት ሲጠፋ። መስመሩ ላይ ችግር ተፈጥሮ ሲስተሙ በሙሉ ሲወድቅ ተርባይኑ ራሱን ለማዳን ወዲያው ይዘጋል። በደቂቃ! እናንተ ቤት ሻማ ስትፈልጉ ታች ያለው ወንዝ ድንገት ይጎድላል። ይህን ለማዳን ተርባይኑ ሲዘጋ ውሃውን በጎን የሚያሳልፍ ቫልቭ ያስፈልጋል። የጊቤ ሁለት ዓይነቱ ፔልተን የሚባለው ተርባይን ጥሩ ጠባይ አለው፤ የውሃውን ፍላጻ ከባልዲዎቹ ላይ አዙሮ፣ ኃይሉ ቆሞ ውሃው ግን ቀስ እያለ እንዲቀንስ ማድረግ ይቻላል። የተሠራው ለቧንቧው ደኅንነት ነው፤ ዓሣውም በዚያው ይጠቀማል።

ቡናጠጪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡44

ጋሼ፣ አሁን ህዳሴው ተመርቋል አይደል? ጳጉሜን 4 ቀን 2017። 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እሱ የማታውን ጫና ይሸከምና የኛዎቹ ትንንሾች ረጋ ብለው ይሥሩ።

ተርባይን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡58

ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር ተናገርክ። ሊሆን ይችላል። ግን ተቃራኒውም ሊሆን ይችላል። ትልቁ ማመንጫ ባለበት ሲረጋ ትንንሾቹ ቶሎ ስለሚታዘዙ የደቂቃ ደቂቃውን ማስተካከያ ለነሱ ይሰጧቸዋል። ያኔ ወንዙ በቀን አንዴ ሳይሆን አሥሬ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሚወስነው የተርባይኑ ትልቅነት አይደለም፤ ለተረኛው የሚሰጠው መመሪያ ነው። መመሪያው ውስጥ “ወንዙ በሰዓት ከዚህ በላይ እንዳይወርድ” የሚል አንድ መስመር ካለ ተረኛው ይጠብቀዋል። ከሌለ በምን ያውቃል? ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ወንዙ አይታየውም። እኔም ዓመታት ሠርቼ ከታች ወርጄ ያየሁት ሁለቴ ነው።

አወያይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ክሩ ደስ ይላል፣ ቀጥሉ። የግድቡን ስም እየጠየቃችሁ የውስጥ መልእክት የላካችሁ ሰዎች፣ የአዌቱ ልጅ አልናገርም ብሏል፤ ተዉት። ሕግ ለጠየቃችሁኝ፦ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥሩ 315/1995 ነው፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው 299/1995። ማንበብ የፈለገ በቁጥራቸው ይፈልግ።

መንጠቆ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

የአዌቱ ልጅ፣ ቁጥር ከሌለህ ማንም አይሰማህም። ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ዱላ ፈልግ። በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርግና ማታ ሲሞላ ውሃው ውስጥ ድንጋይ አስደግፈህ ትከለው። ሌሊት ባትሪ ይዘህ በየግማሽ ሰዓቱ አንብብ። ጃኬትና ቆሎ አትርሳ። ብቻህን እንዳትሄድ፤ ሱሪህንም በደንብ ታጠቅ።

የአዌቱልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

ተመለስኩ፣ ጀመዓው። አባታችን እንዳሉት አደረግን። ሦስት ነበርን፤ ቡናጠጪም መጣ፣ ቴርሞስ ሙሉ ቡና ይዞ። ውሃው ከዒሻ በኋላ ሞልቶ ቆየ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ መውረድ ጀመረ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሦስት ፋቅታ ወረደ። በሁለተኛው ሁለት ተኩል። ከዚያ ዘገየ። በአንድ ሰዓት 55 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ጋሼ ተርባይን ያሉት 10 ነበር።

ሌላ ያየነው ነገር ደግሞ አለ። ጫጩቶቹ የሚቀሩት በሁሉም ቦታ አይደለም። ዳሩ ቀጥ ብሎ በሚወርድበት አንድም የለም፤ ተከትለው ወርደዋል። የሚቀሩት ጠጠሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ውስጥ በተዘረጋበት፣ ከብት ውሃ የሚጠጣባት ኮቴ ያጎደጎዳት ቦታ ላይ ነው። አንዲት የላም ኮቴ ውስጥ አሥራ አንድ ቆጠርን።

ፎቶውንና ቁጥሩን ይዤ ሰኞ አንድ ቢሮ እሄዳለሁ። የት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

መንጠቆ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡52

ጎሽ። ዱላውን እዚያው ተወው፣ በሌላ ቀንም ይለካበታል።

የአዌቱልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡55

ትቼው ነበር አባቴ። ጠዋት ስንመለስ ያ እረኛ ልጅ ነቅሎ ከብት ይነዳበታል። ፋቅታዎቹን አይቶ “ይኼ ምንድነው?” አለኝ፤ ነገርኩት። አሁን በየቀኑ ፈጅር ላይ ተክሎ ሊያነብልኝ ተስማምተናል። ክፍያው የስልክ ካርድ ነው።

ቡናጠጪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡58

ከነዱላው ሃምሳ ብር። እኔ ነኝ የከፈልኩት፣ ይመዝገብልኝ።